ሀብተ ማርያም ግድግዳ ላይ የቀረጸው

ባሌ ሀብተ ማርያም በዕድሜው አንድ ቀን «ተሳስቻለሁ» ብሎ አያውቅም። ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል፤ ይስማ። ሰባ ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ ጆሮው ግን ከእኔ ይሻላል፤ የማይሰማው የማይፈልገውን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ «ሰርካዲስ፣ ያን የመሰለ ግቢ ይዛችሁ እንዴት እዚች አንድ ክፍል ውስጥ ገባችሁ?» ይለኛል። ጎርፍ ወሰደው እላለሁ። ጎርፍማ የወሰደው ግማሹን ነው፤ የቀረውን የወሰደው ይኼ ነው።

የምድር ባቡር የድልድይ ፎርማን ነበር። ሥራው ምን መሰላችሁ? ጎርፍ ባለፈ ቁጥር ሐዲዱን ይዞ ይወርድና ውሃው የደረሰበትን ቁመት በድልድዩ እግር ላይ በመሮ ይቀርጻል። ከጎኑ ቀኑን ይጽፋል፣ ቀይ ቀለም ይቀባዋል። ሠላሳ ዓመት ይኼን ሠራ። «ሀብተ ማርያም የቀረጸው አይሰረዝም ይሉኝ ነበር» ይላል፤ ሲሉት የሰማ ግን ከእሱ በቀር የለም። እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲለካ የኖረ ሰው ቤቱን የት ይሠራል? ደቻቱ አፋፍ ላይ!

ደቻቱን ወንዝ እንለዋለን እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። በእኛ ድሬዳዋ ከከዚራ ሠፈር ወደ መጋላ ሠፈር የሚሻገር ሰው ጫማው ሳይርስ ያልፍበታል። ሴቶች ጆንያ ዘርግተው ይነግዱበታል፣ ግመል ይራገፍበታል። ውሃ የሚያየው በዓመት ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ያውም እኛ ዘንድ ዘንቦ ሳይሆን ደንገጎ ተራራ ላይ ዘንቦ። እዚህ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ከላይ ይደርሳል። በድሬ ሰማይ አይቶ ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ አልቅሷል።

ከአጥራችን ሥር፣ አሸዋው ላይ፣ ዳሃቦ የምትባል የመጋላ ሴት ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። የማንጎ ዛፋችን አንድ ቅርንጫፍ ከአጥሩ ወጥቶ ያጠላላታል፤ እሱ ሥር ነበር የምትቀመጠው። ምላሷ አይጣል ነው። ግን ጎርፍ የምታውቅበት ብልሃት ነበራት። ከሐረር የሚወርዱትን የጭነት መኪኖች ታያለች። በጠራራ ፀሐይ የመጣ መኪና ሸራው ርሶ ካየች ደንገጎ ላይ ዘንቧል ማለት ነው፤ ወዲያው ጆንያዋን ትጠቀልላለች፣ አሸዋው ላይ ያለ ሴት ሁሉ ተከትሏት ይነሳል። አንድም ቀን ስታ አላየኋትም።

በአርባ ስምንት ነሐሴ በራችንን ደበደበች። «ሀብቴ! ሸራው ርሷል፣ ዕቃህን አንሣ!» አለችው። እሱ ወደ ላይ አንጋጦ «ሰማዩን አታዪም? ጥርት ያለ ነው። እኔን ውሃ ልታስተምሪኝ?» ብሎ በሩን ዘጋባት። ሰዓት አልሞላም፤ ሳሎናችን ውስጥ ውሃ እስከ ጉልበት ገባ። ምንጣፌ፣ ፍራሼ፣ የሠርጌ ሣጥን ሁሉ ጭቃ ሆነ። እሱ ምን አደረገ መሰላችሁ? ውሃው ሲጎድል መሮውን አምጥቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ውሃው በደረሰበት ልክ፣ ጭረት ቀረጸ። «ነሐሴ ፲፩ ቀን ፲፱፻፵፰» ብሎም ጻፈበት። እኔ ጭቃ እየዛቅሁ፣ እሱ ጽሕፈት!

«ምን ይሁን ብለህ ነው?» ብለው «ይኼ የአምሳ ዓመት ውሃ ነው» አለኝ። አንድ የፈረንሳይ መሐንዲስ ነው የነገረው፤ እንዲህ ያለ ጎርፍ የሚመጣው በአምሳ ዓመት አንዴ ነው ብሎ። «ስለዚህ ቁጠሪ፤ ከአርባ ስምንት አምሳ ዓመት ስትሄጂ ዘጠና ስምንት ነው። ያኔ አጥንቴም የለም። ከዛሬ ወዲያ በድሬዳዋ ከዚህ ቤት የበለጠ የተጠበቀ ቤት የለም፤ ድርሻውን ጨርሷል።»

ዳሃቦ ይኼን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አቦ፣ ጎርፍ ቀን መቁጠሪያ ገዛ እንዴ? በአምሳ አንዴ ማለት እኮ ነገም ሊሆን ይችላል፣ ከነገ ወዲያም» አለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ነገሩ ግን ገብቷታል። ከዚያ ወዲህ ነሐሴ በገባ ቁጥር በአጥሩ ላይ አሻቅባ «ሀብቴ፣ ዋና ተማርክ?» ትለዋለች። ሠፈሩ ይስቃል። እሱ ደም ሥሩ ይገተራል። አንድ ቀን መጋዝ ይዞ ወጣና የሚያጠላላትን የማንጎ ቅርንጫፍ ቆረጠው። ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ! ዳሃቦ አራት እንጨት ተክላ ጆንያ ወጠረችና እዚያው ተቀመጠች።

ከዚያ ስልሳ ሰባት መጣ፣ የትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ። ያለን ሁለት ቤት ነው። አንዱ የደቻቱው። ሁለተኛው ከዚራ ያለው፣ አባቴ ለባቡር ኩባንያው አስተርጓሚ ሳሉ ሠርተው ለእኔ ያወረሱኝ፣ ባለ ሰፊ በረንዳ፣ ጥላ ያለው መንገድ ላይ ያለ ቤት። ቀበሌ «አንዱን ምረጡ፣ ሌላው የሕዝብ ነው» አለ። መራጩ የቤተሰቡ ኃላፊ ነው። የቤተሰቡ ኃላፊ ደግሞ ይኼ ነው፤ ወይ አለመታደል!

«ከዚራውን ያዝ፣ ከፍታ ላይ ነው» አልኩት። ሊሰማኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ዳሃቦ በአጥር ብቅ ብላ «ሀብቴ፣ ሚስትህን ስማ፣ ከዚራውን ያዝ» ባትለው ኖሮ። በቃ! ፊቱ ተለወጠ። «ግሽጣዬን፣ ዘይቱኔን፣ ሎሚዬን ጥዬ? ይኼን የመሰለ ጥቁር አፈር በድሬዳዋ የት ይገኛል?» አለ። እሷም «አፈሩ ያንተ አይደለም፤ ደቻቱ ከደንገጎ ያመጣው ነው። ያመጣ ደግሞ ይወስዳል» አለችው። እሱ ቀበሌ ሄዶ የደቻቱውን ያዘ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ይኼ ቤት ሙሉ ምላጭ ዋጠ፣ ያውም የአባቴን ቤት። ሦስት ወር አላናገርኩትም። ልዩነቱን ያወቀ ግን አይመስለኝም።

በሰባ ሦስት ጥር የቀበሌያችን ሴቶች ስብሰባ ላይ ማዘንጊያ የሚባል የመድን ሠራተኛ መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ገና ላቡን ሲጠርግ የሚውል ሰው ነበር። ቤቱን ያስመዘገበ ሰው አደጋ ሲደርስበት ቤቱን መልሶ ማሠሪያ ገንዘብ እንደሚሰጠው አስረዳን። «ግን አስተውሉ፤ ሰው ለቃጠሎ ይከፍልና ጎርፉም ገብቶልኛል ይላል። አልገባም። ጎርፍ ለብቻው ነው የሚጻፈው። እዚህ አገር የቱ ይበልጣል?» አለ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በማግስቱ የጆሮዬን ወርቅ ሸጥኩና ሄድኩበት።

«ቤቱን አየዋለሁ። ጎርፍ ገብቶ ያውቃል ወይ ብዬ እጠይቃችኋለሁ» አለኝ። «ገብቶ ከሆነ?» አልኩት። «ገብቶም ከሆነ አንከለክልም። በወንዙ በኩል የድንጋይ ግንብ ትሠራላችሁ፣ ክፍያው ትንሽ ከፍ ይላል፣ አለቀ። ውሉን የሚያፈርሰው መደበቅ ነው እንጂ መግባቱ አይደለም።» ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ? በአማርኛ ነው የነገረኝ፣ በፈረንሳይኛ አይደለም።

ግን ግንብ! ዳሃቦ «ግንብ ሥራ» እያለችው ሃያ ዓመት ያለፈውን ሰው ማን ግንብ ያሠራዋል? አንድ ድንጋይ እንደማያነሳ አውቃለሁ። ስለዚህ አቋራጩን ያዝኩ። አልክድም፣ ዋሽቻለሁ። እሱ ከቤት ሲወጣ ጠብቄ ያን ጭረት ከነቀኑ በጄሶ ደፈንኩት፣ ላዩን ኖራ ቀባሁት። ማዘንጊያ መጥቶ «ጎርፍ ገብቶ ያውቃል?» ሲለኝ ዓይኔን ሳላሽ «አያውቅም» አልኩት። ሀብተ ማርያም ያኔ ሎሚው ሥር ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ወረቀቱን ወስጄ ፈርም ስለው «ውሃ በወረቀት አይገደብም» ብሎ ሳያነበው ፈረመ። ማታ የጭረቱን ቦታ አጥቶ ጮኸ። «ለጥምቀት ኖራ ቀባሁ፣ ሥሩ አለልህ» አልኩት። ወረቀቷን ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሁለቱም ቤቴ ውስጥ ነበሩ፣ እኔ ግን በወረቀቷ ታምኜ ተኛሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ እንደ ሚያዝያ ስታቃጥል፣ በሩ ተደበደበ። ዳሃቦ ናት። ከአሸዋው ሮጣ ስለመጣች ትንፋሿ ተቆርጧል። «ሦስት መኪና ወረደ፣ የሦስቱም ሸራ ይንጠባጠባል! ወላሂ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም፣ ውጡ!» አለች። ሽንኩርቷን፣ ቲማቲሟን፣ ሚዛኗን እዚያው አሸዋው ላይ ትታ ነው የመጣችው።

እሱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀና አለ። «ሰማዩን አታዪም?» አላት። በአርባ ስምንት ያለውን፣ ያንኑ! «ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ አልሞላም።»

እኔ አልጠበቅሁም። ወረቀቷን ከሣጥን አውጥቼ ብብቴ ከተትኩና «ተነሥ!» አልኩት። እምቢ አለ። ምከረው ምከረው፣ ካልሰማ መከራ ይምከረው ብዬ ከዳሃቦ ጋር ወደ ከዚራ መንገድ ሮጥኩ። ዳሃቦ ለዕቃዋ ልትመለስ አስባ ነበር፤ ዞር ስትል ግን አሸዋው አልነበረም። የጎርፉን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አጥራችንን ጠረገው፣ ጓዳውንና ሁለቱን መኝታ ቤቶች እያየሁ ናዳቸው። ሎሚው፣ ዘይቱኑ፣ ግሽጣው ከነጥቁር አፈራቸው ነጎዱ።

እሱስ? ማንጎው ላይ! ውሃው ወገቡ ድረስ ሲደርስበት ማንጎው ላይ ወጥቶ ግንዱን አቅፎ ተንጠልጥሏል። ያ የቆረጠው ቅርንጫፍ ቢኖር ኖሮ ላዩ ላይ ይቀመጥ ነበር። ውሃው ሲቀንስ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ የመጋላ ጎረምሶች በገመድ አወረዱት። ዳሃቦ አፋፉ ላይ ቆማ፣ ዕቃዋ ሁሉ ሄዶ፣ እጇ ባዶ ሆኖ፣ አየችው። «ሀብቴ፣ ዋና ተማርክ?» አለችው። ያን ዕለት ማንም አልሳቀም። እሷም አልሳቀችም። እሱ ግን ዓይኑን አንሥቶ እንዴት እንዳያት አየሁ፤ ከጎርፉ ይልቅ እሷን ነበር የጠላው።

በሳምንቱ ማዘንጊያ መዝገቡን ይዞ መጣ። የቆመው ሳሎኑ ብቻ ነው፤ ጣራው ዘሟል፣ ግድግዳው ግን አለ። ጣራውን ፈርተን ሳምንቱን አልገባንበትም ነበር፤ ማዘንጊያን አንድ እርምጃ ቀድሜ ገባሁ። ኖራው ታጥቦ ወርዷል፣ ጄሶውም ተልጦ ወጥቷል፤ ጭረቱ ከነቀኑ ቁልጭ ብሏል። ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን አርባ ስምንት። ሠላሳ ዓመት ድልድይ ላይ ሲቀርጽ የኖረ እጅ የቀረጸው እንዲህ በቀላሉ አይጠፋማ! መፋቂያ ጊዜ የለኝም፤ ማዘንጊያ በር ላይ ነው። ሄጄ ጭረቱ ፊት ቆምኩ፣ ቀሚሴን ዘረጋሁ፣ ነጠላዬን ወደ ታች ለቀቅሁ። ሐዘንተኛ መስዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ማስመሰልም አላስፈለገኝም።

ማዘንጊያ አየ፣ ለካ፣ ጻፈ። ልቡ ያዘነ ይመስል ነበር። «እትዬ ሰርካዲስ፣ አይዞዎት፤ የከፈሉት ለጎርፍ ነው፣ ይከፈላችኋል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ምስክር ያስፈልገኛል» አለ። በር ላይ ወደቆመችው ዳሃቦ ዞረ። «እናቴ፣ እርስዎ እዚህ ሲሸጡ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«ሠላሳ።»

«ከዚህ በፊት እዚህ ቤት ጎርፍ ገብቶ ያውቃል?»

ዳሃቦ እኔን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ቀሚሴ ጫፍ ዝቅ አደረገች። ጭረቱ የት እንዳለ ታውቃለች፤ እሱ ራሱ ነው በአርባ ስምንት ሰው እየጠራ ያሳየው። ያቺ በአላህ ስም ካልሆነ የማትናገር ሴት ወላሂ አላለችም። «ገብቶ አያውቅም» አለች። ብቻ።

ማዘንጊያ ጻፈ። ግንቡን እሠራለሁ፣ ጓዳዬን አስነሳለሁ፣ ለዳሃቦም ከአጥሬ ሥር ጣራ እሠራላታለሁ ብዬ በልቤ ጨርሻለሁ።

«ማን ጠየቀሽ?» አለ ሀብተ ማርያም ከዳሃቦ ኋላ ብቅ ብሎ።

ዞርኩ። የፊቱን ነገር ምን ልበላችሁ! ከማንጎው ላይ ወርዶ የማያውቅ ይመስል ነበር። «ማን ጠየቀሽ ነው የምልሽ! እኔ በአንቺ ውሸት ቤት ልሠራ? የአሸዋ ላይ ቸርቻሪ ዋሽታልኝ፣ ነገ በአጥሬ ላይ ሆና ቤትህን የሰጠሁህ እኔ ነኝ ልትለኝ?»

«ሀብቴ፣ ዝም በል» አለች ዳሃቦ ቀስ ብላ።

«በገብርኤል፣ ዝም በል!» አልኩት እኔም።

«ትዋሻለች!» አለ ለማዘንጊያ። «ገብቶ ያውቃል! ለክቼ ቀርጬዋለሁ! ና፣ ናና እይ!» መጥቶ ክንዴን ያዘ። ግድግዳውን በጥፍሬ ያዝኩ። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ጎትቶ ጣለኝ። ተንበርክኮ ጣቱን ጭረቱ ላይ አደረገ። «ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን፣ አርባ ስምንት! ሀብተ ማርያም የቀረጸው አይሰረዝም!» አለ።

ማዘንጊያ ጎንበስ ብሎ ቀኑን አነበበ። ከዚያ ከመዝገቡ መሐል የእኛን ወረቀት አወጣ። «ጋሽ ሀብተ ማርያም፣ ይኼ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«ነው።»

«ጎርፍ ገብቶ አያውቅም ከሚለው ሥር ነው የፈረሙት።»

«አላነበብኩትም» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«የእኚህን እናት ቃል ጽፌ ልሄድ ነበር» አለ ማዘንጊያ። «አሁን ግን ቀኑን በዓይኔ እያየሁ አላየሁም ልል አልችልም።» ወደ እኔ ዞረ። «ጥር ላይ ቢነግሩኝ እኮ ግንብ ሠርታችሁ ዛሬ ይከፈላችሁ ነበር።» መዝገቡን ዘግቶ ወጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። የእኔ ውሸት ወረቀቱን ቀደደው። ግን ቀዳዳውን በእጁ ከፍቶ ያሳየው ማን ነው?

ዳሃቦ ከመሬት አነሳችኝ፣ ነጠላዬን አራገፈችልኝ። ከዚያ ለእሱ እንዲህ አለችው፦ «ለአንተ ብዬ መሰለህ? ለእሷ ነው። ስለ እሷ ብዬ አላህ ፊት ወንጀል ገባሁ፣ አንተ እሱንም ከንቱ አስቀረኸው።» ሄደች።

የቀረው አጭር ነው። መልሰን የምናቆምበት አቅም አልነበረንም። ለቀበሌ አመለከትን፤ ቀበሌም አዝኖ አንድ ክፍል ሰጠን። የት መሰላችሁ? ከዚራ! የአባቴ ቤት ጓሮ፣ ሠራተኞቻችን ያድሩበት የነበረችው ሰርቪስ። የአባቴ በረንዳ ላይ ሌላ ሰው ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ እኔ ከልብስ ማስጫው ሥር አልፌ ውሃ እቀዳለሁ። እዚች ክፍል ይኼው አምስተኛ ዓመታችን። እሱ አሁንም «የሰባ ሦስቱ ያለ ጊዜው የመጣ ነው፤ የአምሳ ዓመቱ ገና ነው፣ ዘጠና ስምንት ነው» ይላል። ለምን ለማዘንጊያ ተናገርክ ሲሉት ደግሞ «ቢያንስ በዚያች ቸርቻሪ ውሸት አልኖርኩም» ይላል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ዳሃቦ ናት፤ አርጅታለች፣ የቀረ ዕቃዋን በጆንያ ተሸክማለች። «ሸራው ርሷል። አሸዋው ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፣ እዚህ ልረፍ ብዬ ነው» አለችኝ። አስገባኋት። እሱ ከመደቡ ተነሣና «ከእሷ ጋር አንድ ጣራ ሥር አልቀመጥም» ብሎ ወጥቶ ግቢው መሐል ቆመ።

ለዳሃቦ ውሃ ሰጠኋት። ታች የደቻቱ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ከዚራም ዳመነ፤ ያልታሰበ ዝናብ ቆርቆሮውን ይወግረው ገባ። «ሰርኬ» አለ ከውጭ። «ሰርኬ፣ በሩን ክፈቺ፣ ራስኩ እኮ!»

ዳሃቦ ልትነሣ አለች። ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት።

«ሰማዩን አታይም?» አልኩት በበሩ ቀዳዳ። «ጥርት ያለ ነው።» የበሩን መወርወሪያ ከውስጥ ወረወርኩት።